ድምፁን ፈላጊው ጎረቤቴ

«ፍሪጅ አይደለም ጋሼ!» አለኝ፣ በሩን በትከሻው ደግፎ።

«ታዲያ እንዲህ የሚያቃስተው ምንድን ነው?»

መፍቻዬን ይዤ ነበር የሄድኩት። ከጠዋት ጀምሮ በግድግዳው ማዶ አንድ ነገር «እምምም» እያለ ሲያለቅስ ሰምቼ፣ የፍሪጃቸው ሞተር ሊቃጠል ነው ብዬ ሰጋሁ። ሚስቱ ደግሞ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ናት፤ በዚህ ሙቀት ቀዝቃዛ ውሃ አጥታ እንዳትቸገር ብዬ በጎረቤት ወግ መጣሁ።

«ድምፄ ነው» አለ።

«ምነው? ጉሮሮህን አመመህ እንዴ?»

«የጊታሬ ድምፅ ነው! ስንት ጊዜ ስፈልገው ኖሬ ገና ዛሬ ማግኘቴ ነው። እርስዎ ደግሞ መጥተው ፍሪጅ ይሉታል!»

ይቅርታ ጠየቅሁ። ምን ላድርግ? የጠፋበትን ያገኘ ሰው እንኳን ደስ ያለህ ይባላል እንጂ መፍቻ አይያዝበትም።

በሕንፃችን ሽቦው ነው የምንለው። ቀጭን ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፤ ሆዱስ ከእኔ ቀድሟል። ቤቱ ሲገባ እግር የሚጠልፈው ሁሉ ሽቦ ስለሆነ ነው። ቀን ቀን በአንድ የመድን ድርጅት ቢሮ ማኅተም ይመታል፤ ከሥራ ሲወጣ ግን ክራቫቱን በር ላይ አንጠልጥሎ አርቲስት ይሆናል። እኔ የሰው የቤት ዕቃ በመኪናዬ የማመላልስ ሰው ነኝ፤ ስለ ሙዚቃ የማውቀው በሬዲዮ የመጣልኝን ያህል ነው። ስለ ሽቦው ግን ብዙ አውቃለሁ። በመካከላችን ያለው አንድ ስስ ግድግዳ ነውና።

«ይግቡና እስቲ በደንብ ይስሙት» ብሎ ወደ ትንሿ ክፍል ወሰደኝ። የሚወለደው ልጅ አልጋ ሊገባባት የታሰበች ክፍል ነበረች። አሁን የድምፅ ማጉያው በማጉያ ላይ ተቆልሎባታል፤ ወለሉ ላይ ረጅም ጣውላ ተዘርግቶ፣ በጣውላው ላይ በእግር እየተረገጡ የጊታሩን ድምፅ የሚቀይሩ ፔዳሎች እንደ ሳሙና ሳጥን ተደርድረዋል። እያንዳንዱ የሚዞር ቁልፍ ላይ ቀይ ነጥብ አለ፤ የሚስቱን የጥፍር ቀለም ሰርቆ ነው ምልክት ያደረገው። ድምፁን ሲያገኝ እንዳይጠፋበት በዚያ ያስረዋል ማለት ነው። ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ድምፅ ያገኝና ሌላ ነጥብ ይጨምራል። አንዳንዱ ቁልፍ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መስሏል።

«ይሄኛው ምን ያደርጋል?» አልኩት አንዱን እያሳየሁ።

«ያሞቃል።»

«ይሄኛውስ?»

«እሱ ደግሞ የዚያኛውን ሙቀት ትንሽ ያበርዳል።»

ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አሉ።

ለፔዳሎቹ ባትሪ እንኳን አዲስ አይወድም። ግማሹ ያለቀ ባትሪ ድምፁ ይለሰልሳል ብሎ ያረጁትን በካልሲ ውስጥ ያጠራቅማል። እኔ ሞኙ ዕድሜ ልኬን ስጥል የኖርኩት ልስላሴ ነበር ለካ።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። የከፋው ንቀቱ ነው። በሬዲዮ ጊታር የሚጫወት ሰው ከመጣ ፊቱን ያጨማድዳል። «ይሄማ ቆርቆሮ ነው። ጣት አለው፤ ጆሮ ግን አልፈጠረለትም» ይላል። አንድ ጊዜ ስንት ሰው ቆሞ የሚያጨበጭብለትን ጊታሪስት «ማገናኛ ገመዱ ርካሽ ነው፣ ከዚህ ይሰማኛል» ብሎ ሲያጣጥለው ሰማሁት። ገመድ የሚሰማ ጆሮ! የገዛ ሚስቱ ከወጥ ቤት ስትጠራው የማይሰማ ጆሮ! አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን በአንድ ትልቅ ሆቴል የሚጫወተው ባንድ ጊታሪስቱ ጥሎት ሄደ። ሽቦው በሰው በሰው አስነግሮ፣ የባንዱ መሪ «ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መጥቶ ከእኛ ጋር ይሞክር» አለ። ዜናውን የነገረን ደረጃው ላይ ቆሞ ነው፤ ሚስቱም እኔም ነበርን። ያን ጊዜ ፊቱን ብታዩት! «ከተማሪ ቤት ጀምሮ ጋሼ፣ ከሰው ጋር ቆሜ መጫወት ነው የምፈልገው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለኝ። በዚህ እንኳን አልሳቅሁበትም።

ሚስቱ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት። ቀኑን ሙሉ የሚያቃስት ሰው ስታይ ስለምትውል ቃል አታባክንም።

«ከወሰዱህ ዕቃህን እዚያው አዳራሻቸው ታስቀምጣለህ» አለችው። «ካልወሰዱህ ጋሼ በመኪናቸው ወደ ገዛህበት ሱቅ ይመልሱታል። ክፍሏ የልጁ ናት።»

«ይወስዱኛል።»

«እሺ በል። ጋሼ ምስክር ናቸው።»

ተጨባበጡ። ባልና ሚስት ሲጨባበጡ ደስ አይልም።

ቅዳሜ ዕቃውን ጫንን። እኔ ቁም ሣጥን ብቻዬን የማወርድ ሰው የዚያ ማጉያ ክብደት ወገቤን አጎበጠው። «ቀስ! ቀስ! ውስጡ አምፖል የመሰሉ ብርጭቆዎች አሉ!» እያለ ከኋላ ተቀምጦ እንደ በሽተኛ አቅፎት ሄደ። ጉድጓድ ባለፍን ቁጥር ይቅርታ የሚጠይቀው ማጉያውን ነው፤ እኔንማ ይሰድበኛል።

አዳራሹ ከሆቴሉ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው። የእንፋሎትና የሳሙና ሽታ ይገባበታል። መሪው መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ኪቦርድ የሚጫወት ዝምተኛ ሰውዬ ነው። ድራም መቺው የክብሪት እንጨት ያኝካል፤ ቤዝ የሚጫወተው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሽቦው ጣውላውን ዘረጋ፤ ሽቦ ከሽቦ አገናኘ፤ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጠየቀ፤ ሌላ ማከፋፈያ ጠየቀ። ተንበርክኮ ቀይ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አስተካከለ። እነሱ ይጠብቃሉ።

«ወንድሜ፣ ልትጫወት ነው ወይስ ቀዶ ጥገና ልታደርግ?» አለ ድራም መቺው።

ሽቦው ከታች ወደ ላይ በንቀት አየውና የጊታሩን ክር አንድ ጊዜ ብቻ መታ።

እውነቱን ልናገር፤ አዳራሹ ሞላ። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ መጨረሻ የሌለው ድምፅ፤ ጥጥ ውስጥ እንደ መውደቅ ነው። ድራም መቺው እንኳን ማኘኩን አቆመ። ሽቦው ወደ እኔ ዞሮ «ሰሙ? ፍሪጁን?» በሚል ዓይን አየኝ። ደንግጬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ መሪው በጣቱ ቆጠረና ሁሉም አብረው ጀመሩ።

ሽቦው ጠፋ። ቆሟል፤ ጣቱ ይሯሯጣል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ነክሷል፤ ድምፁ ግን የለም። በመስኮት መስታወት ማዶ ሆኖ የሚያወራ ሰው ይመስላል። እኔ ጆሮዬን አቀናሁ፤ ቤዙን ሰማሁ፤ የድራሙን ጸናጽል ሰማሁ፤ ከጀርባ የማጠቢያውን ማሽን ሳይቀር ሰማሁ።

መሪው እጁን አነሣ። ሁሉም ቆመ።

«ወንድሜ፣ በየትኛው በኩል ነው የምትገባው?»

«እንዴት በየትኛው? ከመጀመሪያው ጀምሮ እየተጫወትኩ ነው!»

ቤዝ ተጫዋቹ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ሽቦው የማጉያውን ድምፅ ጨመረ። እንደገና ጀመሩ። አሁን መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ጭጋግ የመሰለ ነገር ሁሉንም ሸፈነ፤ እሱ ግን ከጭጋጉ ውስጥ አልወጣም። መሪው አስቆመና መጥቶ ከጣውላው አጠገብ ቁጢጥ አለ። መነጽሩን አድርጎ ነጥቦቹን አያቸው።

«ይህን ድምፅ ብቻህን ክፍል ውስጥ ሆነህ ነው የሠራኸው» አለው። «ብቻህን ስትሆን ወፍራሙን ታቹንም ቀጭኑን ላዩንም አንተው ትሞላዋለህ፤ ደስ ይላል። እዚህ ግን ታቹን ቤዙ ይዞታል፤ ላዩን ጸናጽሉ ይዞታል። ላንተ የቀረልህ መሐሉ ነበር። እሱን ደግሞ በዚህ ቁልፍ አውጥተህ ጥለኸዋል።»

«መሐሉ ያፏጫል» አለ ሽቦው። «ጨዋ ድምፅ አይደለም።»

«ይሁን። አሁን ይህን ሁሉ ነቅለህ ጊታሩን ቀጥታ እዚያ ላይ ሰካው» ብሎ ጥግ ያለውን የአዳራሹን ማጉያ አሳየው። የፊቱ ጨርቅ የተቀደደ፣ አንድ ቁልፉ ወልቆ በፕላስ የሚዞር፣ ብርጭቆ የሚቀመጥበት ማጉያ ነው።

«በዚህ? እኔ? ይሄ እኮ ለማይክ እንኳን አይሆንም!»

«ብርጭቆውን አንሥተህ ስካው።»

ሰካው። አፍንጫውን ይዞ የሰው ጫማ የሚያወልቅ ሰው ይመስል ነበር። ጀመሩ።

ተሰማ! ከቤዙና ከጸናጽሉ መካከል አጥንት ያለው ድምፅ ወጣ። የሚያምር አልነበረም፤ ትንሽ ያፏጫል፤ ግን የአንድ ሰው ድምፅ ነበር፤ ሌላ የማንም አይደለም። መሪው ራሱን ነቀነቀ፤ ቤዝ ተጫዋቹ ከግድግዳው ተላቀቀ። ለካስ ጣት አለው ብዬ ኮራሁበት። በእኔ ግድግዳ በኩል ያደገ ልጅ ነው እኮ።

ዘፈኑ ሁለተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ጊታሩ ቀጥ አለ። ሌሎቹ ትንሽ ሄዱና እነሱም ቆሙ።

«ምነው?» አለ መሪው።

«እዚህ ድረስ ነው።»

«ምኑ?»

«የማውቀው እዚህ ድረስ ነው። ድምፅ ለመፈተሽ መግቢያው ይበቃ ነበር።»

መሪው ሌላ ዘፈን ጠራ። መግቢያውን አሳምሮ ተጫወተና ቆመ። ሌላ ተጠራ። እሱም መግቢያው ላይ ቀረ። ድራም መቺው በትሮቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ «ይሄ ሰው በር በር ብቻ ነው የሚያንኳኳው፤ ቤት አይገባም» አለ። ማንም አልገሠጸውም። ሽቦው ጣውላው ላይ ያሉትን ነጥቦች ቁልቁል ያያል፤ ጆሮው ቀልቷል። ያን ሁሉ ጭጋግ ሲያከማች የኖረው ይህን ለመሸፈን ይሁን ወይስ ጭጋጉ ራሱ አስረስቶት፣ እኔ አላውቅም። ሰውን ሲንቅ የኖረ ሰው ሲናቅ ማየት ደስ ይላል ብዬ ነበር። አላስደሰተኝም፤ ግን አላስለቀሰኝምም።

መሪው ጊታሩን ከማጉያው ነቅሎ ሰጠው። «አንድ ዘፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስታውቅ ና። ጊታርህን ብቻ ይዘህ» አለው። ብርጭቆውን ማጉያው ላይ መልሶ አስቀመጠና ወደ ኪቦርዱ ሄደ።

ዕቃውን መልሰን ጫንን። መንገዱን እስከ ግማሽ ማጉያውን አቅፎ ተጓዘ። እኔም ጉድጓዱን እየሸሸሁ ነዳሁ፤ ቁስለኛ አይነካም። ከድልድዩ ስናልፍ ግን ከኋላ ድምፁ መጣ።

«ጋሼ፣ ሰሙት አይደል? ጊታሩን ወደደው።»

«መቼ?»

«ጊታርህን ብቻ ይዘህ ና አላለኝም? ጊታሩ ላይ ቅሬታ የለውም ማለት ነው። ችግሩ መሐሉ ላይ ነው። መሐሉን ብቻ ለይታ የምታወጣ አንዲት ፔዳል አለች...»

«ዘፈኑንስ?»

«እሱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ድምፁ ይስተካከል።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! የመኪናዬን መሪ ጨብጬ ፊት ፊቴን አየሁ።

ሚስቱ ሕንፃው በር ላይ ቆማለች፤ አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው። መኪናውን ጠጋ አድርጌ አቆምኩ።

«ወሰዱህ?» አለችው።

ሽቦው ከኋላ ወረደ። ሸሚዙን አስተካከለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቢሮ ደንበኛ ሲመጣ የሚለብሰውን ፊት ለበሰ።

«በመርህ ደረጃ፣ አዎ» አላት። «ትንሽ ማስተካከያ ነው የቀረው። አንዲት ፔዳል ብቻ! እሷ ከተገኘች አለቀ። ጋሼ፣ ይምጡ እናውርደው።»

እኔም መኪናውን ላጠፋ እጄን ወደ ቁልፉ ስሰድ፣ እሷ በመስኮቴ በኩል ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ ሞተሩን አያጥፉት» አለችኝ።