የሰሜኑ ጉድጓድ

ጋሼ ከሞቱ ወዲህ ያልተከበሩበት ቀን የለም። በሕይወት እያሉ የቢሯቸው አምፖል ሲቃጠል የሚቀይርላቸው ጠፍቶ መስኮት ሥር ተጠግተው ይሠሩ ነበር፤ አሁን ስማቸው በተነሳ ቁጥር ሰው ከመቀመጫው ብድግ ይላል። የማዕድን መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ በስማቸው ተሰየመ። ፎቷቸው ተለቅ ተደርጎ ታተመ። ሐውልት እናቁምላቸው የሚል ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ኮሚቴውም ሳይውል ሳያድር ንዑስ ኮሚቴ ወለደ። ይህን ሁሉ የምታይ አንዲት ሴት ግን ከቀን ወደ ቀን ንዴቷ ይብስባት ነበር።

ጂኦሎጂስት ናት። ከትምህርት ቤት እንደወጣች የተቀበሏት፣ ድንጋይ እንዴት እንደሚነበብ ከሀ ጀምረው ያስተማሯት ጋሼ ናቸው። ገና ሥራ በጀመረች ሰሞን አንድ ድንጋይ ከመሬት አንስታ፣ በቅጡ ሳታየው ስሙን ስትናገር "እሜቴ ችኩል፣ መጀመሪያ ድንጋዩ ይናገር እንጂ" አሏት። ከዚያ ወዲያ ከበር ጠባቂው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ችኩል ተብላ ቀረች። መጀመሪያ ብትቀየምም፣ ውሎ አድሮ እናቷ ካወጣችላት ስም ይልቅ በዚህኛው ስትጠራ ነበር ፈጥና ዞር የምትለው።

የጋሼ አሠራር የታወቀ ነው። በመሰርሰሪያ ከመሬት ሆድ የሚወጣውን እንደ ዱላ ክብና ረጅም ድንጋይ፣ ባለሙያዎቹ ኮር የሚሉትን፣ እንደ አወጣጡ በሣጥን ውስጥ በተርታ ያስደረድራሉ። ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከምን ያህል ጥልቀት እንደወጣ በማይለቅ ቀለም ጎኑ ላይ በገዛ እጃቸው ይጽፋሉ። ከዚያ በውሃ ያርሱትና ያዩታል፤ ውሃ ከጠፋ በምላሳቸው ይልሱታል። ድንጋዩን በዓይናቸው ሳያዩ ሌላ ሰው ስለ ድንጋዩ የጻፈውን አያነቡም። መዶሻ ካነሱ ደግሞ ከመምታታቸው በፊት ጮክ ብለው "ዓይን" ይላሉ፤ አጠገባቸው ያለ ሁሉ ፍንጣሪ እንዳያገኘው ፊቱን በክንዱ ይሸፍናል። ባለቤታቸው እትዬ እንደሚያወሩት፣ አንድ ጊዜ ቤት ውስጥ የመጋረጃ ሚስማር ሊመቱ "ዓይን" ብለው ሳሎን ሙሉ እንግዳ ፊቱን አስሸፍነዋል።

ሊሞቱ ሰሞን ችኩል ሆስፒታል ልትጠይቃቸው ሄደች። እትዬ መድኃኒት ሊገዙ ወጣ ብለው ነበር። ጋሼ የኦክስጅኑን ጭንብል ከአፋቸው ገለል አድርገው ጠጋ በይ አሏት።

"የሰሜኑን ጉድጓድ ታስታውሺዋለሽ?"

"አዲስ የሚቆፈረው ዋሻ የሚያልፍበት?"

"እሱን። ተሰባብሮ የወጣ ኮር ነበረበት። እኔ መሰርሰሪያው ነው የሰበረው ብዬ ጻፍኩ። ድንጋዩ ጤነኛ ነው አልኩ። እዚህ ተኝቼ ሳስበው ግን ልቤ አልሞላም። መሬቱ ራሱ ተሰንጥቆ፣ ተንሸራቶ ሰብሮት ከሆነ የዋሻው ጣሪያ አይቆምም። ሂጂና እዪው። እኔ የጻፍኩትን ሳታነቢ እዪው።"

"አያለሁ ጋሼ። አይጨነቁ።"

"ደግሞ እሮጣለሁ ብለሽ ደረጃው ላይ እንዳትወድቂ" ብለው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። በማግስቱ አረፉ።

ነገሩ ቀላል ነበር። መጋዘን ከፍቶ ሣጥኖቹን ማውጣት፣ ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ ማየት። ችኩል ከቀብር መልስ በቀጥታ ወደ ኮር መጋዘኑ ሄደች። በሩ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ቁልፉ በዚያው ጠዋት የተቋቋመው የሐውልት ኮሚቴ ዘንድ ነው ተባለች። የኮሚቴው ሊቀመንበር ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ክፉን ሰው ተጣልቶ መገላገል ይቻላል። እሱ ግን ወንበር ስቦ ያስቀምጣል፣ ሻይ ያስመጣል፣ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፣ ከዚያ ምንም አያደርግም።

"የሰሜኑ ጉድጓድ?" አለ ኮምፒውተሩን ወደ እሷ እያዞረ። "ይኸውልሽ። ጋሼ ራሳቸው የጻፉት። ድንጋዩ ጤነኛ ነው ይላል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ድንጋዩን።"

"እኔ ከጋሼ እበልጣለሁ ልትዪኝ ነው?"

"ተጠራጥሬያለሁ ያሉኝ ራሳቸው ጋሼ ናቸው።"

"ሲሉ ማን ሰማ?"

"እኔ ሰማሁ።"

ሥራ አስኪያጁ ሻዩን አማሰለ። "እህቴ፣ የታመመ ሰው ብዙ ይናገራል። አባቴም ሊሞት ሲል የሌለንን መኪና ሸጥኩት ይል ነበር። የዚህን ትልቅ ሰው ስም አፈሩ ሳይደርቅ በስሕተት እናንሳው? ሰው ምን ይለናል?"

"ዋሻው ሰው ላይ ሲናድስ ምን ይለናል?"

"አይናድም። ጋሼ ጤነኛ ነው ብለዋላ።"

ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። ተመላለሰች። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ነው ይሏታል፣ ሌላ ቀን ለሐውልቱ ቀለም ሊመርጥ ወጥቷል። ቁልፉን ከኮሚቴው ጸሐፊ ጠየቀች፤ ጸሐፊው ወደ ንዑስ ኮሚቴው ሰደዳት፤ ንዑስ ኮሚቴው መልሶ ወደ ሥራ አስኪያጁ። ያገኛት ሰው ሁሉ ደግሞ እጇን ይዞ "አይዞሽ፣ አባትሽ ማለት ነበሩ" ይላታል። ማጽናናቱ ያንገፈግፋት ጀመር። ከእሷ የሚፈለገው ማልቀስ ብቻ ሆነ፣ እሷ ደግሞ ከንዴቷ ብዛት እንባዋ ደርቋል።

የዋሻው አለቃ ዘንድም ሄደች። ፈንጂ የሚያስቀብር፣ ሠራተኞቹን ወደ ውስጥ የሚያስገባ እሱ ነው። ግዙፍ ሰው ነው፤ ፈንጂው ጆሮውን ስለያዘው እየጮኸ ነው የሚያወራው።

"እኔ ምን ላድርግሽ? በጽሑፍ የተሰጠኝ ጤነኛ ነው የሚል ነው። ሐሜት ሰምቶ ሥራ አቆመ ልባል? ድንጋዩን አምጪና አሳዪኝ። ያን ጊዜ ማንም ቢለምነኝ ሰው አላስገባም።"

"መቼ ነው የምትደርሱበት?"

"ሐውልቱ ከሚገለጥበት የመታሰቢያ ቀን ማግስት።"

አንዳንዴ ጋሼን ራሳቸውን ትቆጣቸው ነበር። ምነው እትዬ እስኪመለሱ ቢጠብቁ? ምነው በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ቢጽፉት? ደግሞ መልሶ ናፍቆታቸው ያንገበግባታል። ድሮ እንዲህ ስትናደድ በሩን ሳታንኳኳ ቢሯቸው ትገባና፣ ሥራ አስኪያጁ ያላትን በራሱ ድምፅ አስመስላ ታወራላቸው ነበር። ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሲስቁ ስታይ ንዴቷ ብን ይላል። አሁን ለማን ትነጫነጭ?

የመታሰቢያው ዕለት ጠዋት ማልዳ መጣች። እንግዶች መኪናቸውን አዲስ በተደለደለው ሜዳ ላይ እያቆሙ ነበር። የኮር መጋዘኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሮጣ ገባች።

ሣጥኖቹ ባዶ ናቸው። ታጥበው፣ እርስ በርስ ተነባብረው፣ ግድግዳ ሥር ቆመዋል።

"ጽዳቱን አየሽልኝ?" አለ የመጋዘኑ ሠራተኛ፣ መጥረጊያውን ተደግፎ።

"ኮሩስ?"

"ቆንጆ ቆንጆው ለሐውልቱ ተመረጠ። የተሰባበረውን፣ ጭቃ ጭቃ የሚለውን መኪና ማቆሚያው ላይ አፈሰስነው። ወጣ ገባ ነበር፣ አሁን ለጥ አለ።"

ችኩል ጫማዋን አየች። ግራጫ አቧራ ለብሷል። ረግጣው ነው የመጣችው። ኮር ከተርታው ከወጣ፣ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ፣ ከመንገድ ዳር ጠጠር አይሻልም፤ ይህን ጋሼ በየቀኑ ሲሉት ያልሰማ ሠራተኛ በግቢው አልነበረም። እና ለእሳቸው ክብር ሲባል ዕድሜ ልካቸውን የደረደሩትን በትነው መኪና አቆሙበት። መሳደብ አማራት። ሰውየውን ስታየው ግን በሥራው ኩራት ፊቱ በርቷል፤ ስድቡን ትታ ወጣች።

ሐውልቱ አዳራሹ ፊት ለፊት ነው። ደረት የሚደርስ የሲሚንቶ ግንብ ሲሆን፣ የኮር ቁራጮች ጎናቸው ወደ ውስጥ ተቀብሮ ክብ ፊታቸው ብቻ እንዲታይ ተሰክተውበታል። ከላይ የጋሼ ፎቶ አለ፤ ከሥር ባለች ጠፍጣፋ ቦታ ላይ መዶሻቸው ተቀምጧል። ጨርቁ ሲገለጥ ሰው አጨበጨበ። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። እውነተኛ እንባ ነበር፤ ይሄኛው ደግሞ የባሰ አናደዳት።

ቀጥሎ ንግግር እንድታደርግ ተጠራች። ኮሚቴው ያጸደቀው ወረቀት በእጇ ነው። ወደ ድምፅ ማጉያው ስትራመድ ዓይኗ ከፎቶው በታች፣ በመካከሉ የተሰካ ድንጋይ ላይ አረፈ። ጥቁር ነው፤ እንደ መስታወት ያበራል፤ ፊቱ ላይ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። መካከል ላይ ያደረጉት ስለሚያምር ነው። እንዲህ የሚያበራ ድንጋይ ግን ወይ ሰው የወለወለው ነው፣ ወይ መሬት ተሰንጥቆ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተንሸራተተበት። ይህን ማንም አልወለወለውም። የሰሜኑ ጉድጓድ ይሁን የሌላ፣ የሚናገረው ጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው፤ ጎኑ ደግሞ ሲሚንቶ ውስጥ ነው።

ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች።

"ጋሼ ከማረፋቸው በፊት አንድ ሥራ ሰጥተውኝ ነበር" አለች። "የሰሜኑን ጉድጓድ ሲጽፉ ተሳስተው እንደሆን ድንጋዩን እንድመለከትላቸው።"

ጉርምርምታ ተነሳ። ሥራ አስኪያጁ ፈጥኖ መጣና ድምፅ ማጉያውን በእጁ ሸፈነ። "ዛሬ ይሄ ቦታው አይደለም፣ እህቴ።"

"ቦታው የት ነው? ንገሩኝና እዚያ ልሂድ።"

ሄዳ መዶሻውን አነሳች። "ሐዘኑ ነው፣ ያዟት" አለ አንድ ሰው። ጥበቃው ሁለት እርምጃ ቀርቦ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ቆመ። ችኩል ፊት ወንበር ላይ ወደተቀመጡት እትዬ ዞረች። እሳቸው ተይ ካሏት ትተወዋለች፤ በሳቸው ላይ አትጨክንም።

"እትዬ፣ ድንጋዩ ጎን ላይ የጋሼ የእጅ ጽሑፍ አለ። እሱን ካላየሁ ነገ ሰው እዚያ ውስጥ ይገባል።"

እትዬ ሐውልቱን አዩ፣ መዶሻውን አዩ። ወንበሩን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ሕዝቡ ዞሩና፣ ከዚያች ቀጭን ሴት ይወጣል ተብሎ በማይታሰብ ድምፅ፣

"ዓይን" አሉ።

የዋሻው አለቃ ቀድሞ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ከኋላው የቆሙት ቆፋሪዎች ተከተሉ፤ መሰርሰሪያ የሚያንቀሳቅሱት፣ የመጋዘኑ ሠራተኛ፣ ሥራ አስኪያጁም ሳይታወቀው። ግቢው ሙሉ ሰው ፊቱን ሸፍኖ ቆመ። ችኩል መታች።

ሲሚንቶው ገና በደንብ አልያዘም ነበርና ድንጋዩ ብዙ ሳያስቸግር ተነቅሎ መዳፏ ላይ ወደቀ። ጎኑን በአውራ ጣቷ ጠረገች፤ አልታይ አላት። ላሰችው። የሲሚንቶ ጣዕም አፏን ሞላው። ከሥሩ ጥቁር ቀለም ወጣ፤ ወደ ቀኝ ያዘመመ የጋሼ ጽሑፍ። ሰሜን ይላል፣ ጥልቀቱም ልክ ዋሻው የሚያልፍበት ነው።

ለዋሻው አለቃ ሰጠችው። የሚያበራውን ፊት በጣቱ ደባበሰ፣ ጽሑፉን አነበበ፣ ድንጋዩን ኪሱ ከተተ። "ነገ አንድም ሰው አላስገባም" አለ፣ እንደ ልማዱ እየጮኸ። እትዬ ቁጭ አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ፎቶው ሥር የተከፈተውን ቀዳዳ አየና ወደ ችኩል ዞረ።

"ሐውልቱስ?" አለ።

ችኩል ሳቋ መጣ። ይህችን ለጋሼ በሥራ አስኪያጁ ድምፅ ልታወራላቸው ዞር አለች። ፎቶው ብቻ ነበር። ከቀብር ወዲህ ያልመጣው እንባ ያን ጊዜ መጣ።