ሠላሳ እርምጃ ከኋላ

«ልቀቂኝ እንጂ ሴትዮ! መምህር ነኝ እኮ!»

«የምን መምህር? የሰው ልጅ እየተከተሉ ምሰሶ ጀርባ መሸጎጥ የሚያስተምር?» አልኩና የኮቱን አንገት ይበልጥ ጨመደድኩት።

ፌርማታው ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ እያደረጉ «እንዳትለቂው!» አሉኝ። መች ልለቅ አሰብኩና! እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? በጠዋቱ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋ ጎልማሳ የጎረቤቴን ልጅ ከበራችን ጀምሮ ሲከተላት አይቻለሁ። ስትቆም ይቆማል። ዞር ስትል ጋዜጣ ገልጦ ፊቱን ይከልላል። እኔም ዳቦ ልገዛ እንደወጣሁ፣ ባዶ ፌስታሌን ይዤ ከሱ ኋላ ኋላ መጣሁ።

ልጅቷን በሰፈር እሜቴ ነው የምንላት። ሃያ ዓመቷ ነው። ነገር እስኪገባት ጊዜ ይወስድባታል፤ አንዴ ከገባት ግን አይወጣም። ደጃፍ ላይ ጫማ ተዝረክርኮ ካየች ባለቤቱን ከቤት አስጠርታ ታስደረድረዋለች። ባሌን ሳይቀር አስደርድራዋለች። ስሙ የወጣላት በዚህ ነው።

እሜቴ ጩኸቱን ስትሰማ ከሰልፉ ወጥታ ወደኛ መጣች። አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ነበር። ሰልፉ ገባ፣ በሩ ተዘጋ፣ ሄደ።

«እትዬ፣ ይልቀቁት» አለችኝ። «ቲቸር ነው። ተደብቆ ነው።»

ሰውየው ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። «አውቀሽ ነበር እንዴ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ያስልሃል።»

እጄ ራሱ ለቀቀው። መምህሩ የኮቱን አንገት አስተካክሎ የሄደውን አውቶቡስ ሲያይ ቆየና መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ነገሩን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። የእሜቴ ትምህርት ቤት መጨረሻ ዓመት ላይ ያሉትን የሚያስተምረው ፊደል አይደለም፤ ከቤት ወጥቶ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ሥራ ገብቶ መመለስን ነው። የመሸጋገሪያ ትምህርት ይሉታል። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ከነሱ አንድ ሰው ሊቀጥር ተስማምቷል፤ አንሶላ የሚያጥፍ። በማጠፍ እሜቴን የሚያህል የለም። የቀረው በራሷ ሄዳ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ መድረሷን ሦስት ቀን ማሳየት ነበር። መምህሩ በሠላሳ እርምጃ ርቀት ይከተላል። ማንም አይረዳትም፣ ማንም አይጠራትም። ሁለቱን ቀን አልፋለች። ይሄ ሦስተኛው ነበር።

«ታዲያ ሰው ምን ነበረበት ቢነግረን?» አልኩ፣ ጥፋቱን የማላክክበት አጥቼ።

«ለእናቷ ነግሬ ነበር፤ ለሰፈሩ ሰው ንገሪ ብዬ።»

እናቷ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ቀጣዩ አውቶቡስ ከአርባ ደቂቃ በኋላ መጣ። እሜቴ ማንም ሳይነግራት ቁጥሩን አይታ ገባች፤ እሱም በኋላ በር ገባ። እኔ ፌስታሌን ይዤ ቀረሁ። ስትደርስ የማጠቢያ ቤቱ ኃላፊ ሰዓቱን አይቶ ወረቀቱ ላይ «አርፍዳለች» ብሎ ጻፈ። በዕድሜዋ አርፍዳ የማታውቅ ልጅ! መምህሩ ምክንያቱን ቢያስረዳው፣ «መንገድ ላይ ሰው በጠራት ቁጥር የምትመለስ ከሆነ አንሶላው እሷን አይጠብቅም» አለው አሉ።

ከሰዓት በኋላ እናቷ በሬን አንኳኳች። የሃያ ዓመት ልጇን የመታጠቢያ ውኃ አሁንም በክርኗ እየነካች የምትለካ ሴት ናት። ስድቤን ልቀበል ተዘጋጅቼ ከፈትኩ። ገብታ በሩን በጀርባዋ ዘጋችና እጄን ይዛ ሳመችኝ።

«እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመስኩም። እንዴት ብዬ አይሆንም ልበላቸው? አንቺ ገላገልሽኝ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልቤ አላርፍ ቢለኝ ሰኞ ዕለት ራሴው ላቃናው ተነሳሁ። ለእናቷ ገበያ አብራኝ ትሂድ ብዬ ዋሽቼ እሜቴን ይዣት ወጣሁ። ፌርማታው ጋ ስንደርስ «እኔ ፊት ልሂድ፤ እርስዎ ከኋላ ይምጡ» አለችኝ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ፈተና አለ! ነይ ባክሽ፣ መኪናው እንዳይገጭሽ» ብዬ እጇን ያዝኩ። ከአውቶቡሱም ስንወርድ አልለቀቅኳትም። እጇ እጄ ውስጥ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ብርድ መሰለኝ።

ማጠቢያ ቤቱ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ምድር ቤት ነው። ማሽኑ ይጮኻል፣ ግድግዳው ያልበዋል። ባለጎማ ጋሪዎች እርጥብ ልብስ ተሸክመው ይገባሉ፤ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ሴቶች ያጥፋሉ። ኃላፊው እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ ቆሟል። ይናደዳል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ወንበር ሳበልኝ።

እኔም ተናገርኩ። ያን ቀን መምህሩን የያዝኩት እኔ መሆኔን፣ ልጅቷ ጥፋት እንደሌለባት፣ ሰዓት አክባሪ እንደሆነች፣ እግዜር ያሳይዎት ብዬ ጭምር። እኔ ስለፈልፍ እሜቴ ጠረጴዛው ጋ ሄዳ ከተደረደረው ክምር ላይ አንዱን አንሶላ አነሳች። ዘረጋችው። ጠርዙን ከጠርዙ ገጠመች፣ በክንዷ አንዴ ጠረገችው፣ ደግማ አጠፈች። ከዚያ ሁለተኛውን። ማዕዘናቸው በማስመሪያ የተቆረጠ ነበር የሚመስለው።

«እዩዋት እስቲ!» አለች አንዷ ሠራተኛ ሥራዋን አቁማ።

«ይሄን ማን ነው ያጠፈው?» አለች እሜቴ፣ የተንሻፈፈ አንሶላ ከፍ አድርጋ። ሴቶቹ እርስ በርስ እየተጠቋቆሙ ሳቁ።

ኃላፊው ግን አልሳቀም። «አያያዟስ ጥሩ ነው» አለ። «ዛሬ በምን መጣች?»

«በአውቶቡስ ነዋ።»

«ብቻዋን?»

እኔ ሞኟ ምስጋና የሚሰጠኝ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። «ኧረ ብቻዋን እንዴት ብዬ! እጇን ይዤ ነው ያመጣኋት፤ መንገድ እንኳ ብቻዋን አልተሻገረችም።»

እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አዩ እናቴ፣» አለኝ በትህትና፣ «ስለሷ የሚናገርላት ሰው ያስፈልጋታል፣ የሚያመጣት ሰው ያስፈልጋታል። እኔ የምፈልገው አንድ ሠራተኛ ነው፤ ሁለት ሰው አልቀጥርም።»

እሜቴ የያዘችውን አንሶላ አጥፋ ጨረሰች። ክምሩ ላይ አስቀምጣ በመዳፏ መታ አደረገችው። ከዚያ ማንንም ሳታይ ወጣች። ተከትያት ሮጥኩ፤ እጇን ግን ኪሷ ከትታው ነበር።

ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። መምህሩ ሁለት ሌላ ቦታ ሞከረላት፤ አንዱ «እንደውልላችኋለን» አለ፣ ሌላው ያንንም አላለም። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤቱ ሪባን የታሰረበት የምስክር ወረቀት ሰጥቶ አሰናበታት። ዕድሜዋ አልፏልና መመለስም የለም። እናቷ ወረቀቱን በመስታወት አስገብታ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀለችው። እሜቴም ተሸጋግራ እናቷ ሶፋ ላይ ደረሰች።

አሁን የግቢውን አንሶላ ሁሉ የምታጥፈው እሷ ናት። እኔም የታጠበውን ያልታጠበውን ሰብስቤ እወስድላታለሁ፤ መጋረጃ ሳይቀር። ተቀብላኝ፣ የቆሸሸውን ለይታ ትመልስልኛለች። እናቷ ወፍራለች፤ ሳቋም በግድግዳው አልፎ ይሰማኛል።

አንድ ነገር ብቻ አልቀረም። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ሲል እሜቴ ጫማዋን አስራ፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ አድርጋ ትወጣለች። እስከ ፌርማታው ነው የተፈቀደላት። ሰልፉ ውስጥ ትቆማለች፤ አውቶቡሱ ሲመጣ ቁጥሩን ታያለች፤ ተራዋ ሲደርስ ወጥታ ሰዉን ታሳልፋለች። በሩ ሲዘጋ ትመለሳለች።

ትናንት ደጄን ስጠርግ አገኘኋት። ዝም ብላ እንዳታልፈኝ ፈለግኩ መሰለኝ፣ መጥረጊያዬን አስደገፍኩና፣

«እሜቴ፣ ዛሬስ ልሸኝሽ?» አልኳት።

ቆመች። ከእግሯ እስከ እግሬ ያለውን መሬት በዓይኗ ለካችው።

«ከመጡም፣ እትዬ፣ ሠላሳ እርምጃ ይራቁ።»