ለመታሰቢያው የተጸዳው መደብ

የሒሳብ መምህሯ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ደረሰች። የሰላጣው መደብ የለም። ቦታው እንደ ምልምል ወታደር ራስ ተላጭቶ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ምንጣፉ ላይ ወንበሮችና ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ ጉንጉን፣ በጉንጉኑ መሃል የሟች ጓደኛዋ ፎቶ። ዕድሜ ልኩን የፕላስቲክ አበባ ባየ ቁጥር ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው፣ ዛሬ መሸሻ አጥቶ ፈገግ ብሏል።

ተማሪዎቹ «ጋሽ ትል» ይሉት ነበር። ሳይንስ ሲያስተምር ከኪሱ ጠመኔ ሳይሆን የመሬት ትል ነበር የሚያወጣው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተቋረጠ ልማድ ነበረው፤ ሰባተኛ ክፍሎች የሚዘሩት የአምናዎቹ ሰባተኛ ክፍሎች የለቀሙትን ዘር ነው። ሰላጣውን ማንም አይበላውም። ወገብ ድረስ ረዝሞ፣ አብቦ፣ ደርቆ ዘር እስኪሰጥ ይጠበቃል። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ የሚጨነቀው ለደረቱ አልነበረም።

«ዘሩ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። አደራ፣ ልጆቹን ይዘሽ ልቀሚው።»

«እሺ አልኩህ እኮ! አንተ ነዝናዛ።»

ሁለቱ ሳምንት የሚሞላው ነገ ነበር።

ዳይሬክተሩ ከረባቱን እያስተካከለ መጣ። «እህቴ፣ አማረ አይደል?»

«ሰላጣው የት ገባ?»

«ያ የደረቀ አረም? እንግዳ ጠርተን! የተፈጥሮን ወዳጅ ጫካ ውስጥ ልናስታውሰው ነው እንዴ?»

«ስለዚህ የተከለውን ነቀላችሁለት። ጎበዝ! እኔ ስሞት ደግሞ የሒሳብ ደብተሮቹን ሰብስባችሁ አቃጥሉልኝ።»

ዳይሬክተሩ ሳቀ፤ ነገሩ ያልገባው ሰው ሳቅ። «ሐዘንሽ ይገባኛል። ንግግርሽ አምስት ደቂቃ ነው፣ እንዳታስረዝሚው።»

«የት ጣላችሁት?»

«ከወጥ ቤቱ ጀርባ። ከሰዓት መኪና ይወስደዋል።»

ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ ቆሻሻው ላይ ወጣች። ከድንች ልጣጭ ሥር እየመዘዘች አገዳውን በጆንያ አጨቀች። እንባዋ መጣ፤ ጥርሷን ነክሳ መለሰችው። ለለቅሶ ጊዜ አልነበራትም።

ለንግግር ስሟ ሲጠራ ጆንያውን እየጎተተች እንግዶቹ ፊት ቀረበች፤ አፉን ፈታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ጉንጉኑ መሬት ወደቀ፤ ደረቁ አገዳም ምንጣፉ ላይ እስከ ፊተኛው ረድፍ ተበተነ። ፎቶውን ብቻ አንስታ በእጇ ያዘች።

«ንግግሬ ይሄ ነው። ሰባተኛ ክፍሎች፣ ኑ!»

አንዲት ተማሪ የደረቀ የአበባ ራስ ቆርጣ በመዳፏ አሸች፤ ጋሽ ትል እንዳስተማራት እፍ አለችው። ነጩ ብናኝ በኖ የዳይሬክተሩ ሱፍ ላይ አረፈ።

«ግማሹ አልደረሰም፣ ቲቸር።»

«ግማሹስ?»

ልጅቷ መዳፏን ዘረጋች። ጥቋቁር፣ ቀጫጭን፣ ድርቅ ያሉ ዘሮች።

ዳይሬክተሩ ጆሮዋ ሥር መጥቶ፣ «ምንጣፉ! እንግዶቹ ምን ይላሉ?» አላት።

መምህሯ ድምጿን ከፍ አድርጋ ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞረች።

«እንግዶች፣ እግራችሁን አንሱልን። ዘር ረግጣችኋል።»