«ሁሉም» የተሰረዘ ዕለት

እኛ ቢሮ ፕሮግራም ገጣጥሞ ለደንበኛ የሚልከው ሰርቨር የሚከፈተው «ሁሉም» በሚባል አንድ የጋራ አካውንት ነበር። የይለፍ ቃሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ሳትቀር ትገባለች። ባለፈው ሳምንት አንዱን ቁልፍ እንዲያው ደስ ብሏት ተጫነችና ያላለቀ ፕሮግራም ወደ ፋርማሲዎች ላከች። የሳል ሽሮፕ የጠየቀ ሁሉ የዳይፐር ደረሰኝ ተቆረጠለት።

«ሰርቨሩን ለእኔ ስጠኝ» አልኩት ወንድም ጋሼን። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የቢሮውም ባለቤት።

«ለሷ? ፕሮግራም መጻፍ ከስልክ ላይ ለተማረችው?» አለ ባልደረባችን ዶክተሬ። ዶክተር አይደለም፤ ዲግሪውን በፍሬም ጠረጴዛው ላይ ስላቆመ ነው እንደዚያ የምንለው።

«ስልክ ቢያንስ ቻርጅ ይደረጋል። ያንተ ዲግሪስ?»

ወንድም ጋሼ ፈረደ፦ «የተስተካከለው ፕሮግራም እስከ ምሳ ፋርማሲዎቹ ጋ ከደረሰ ሰርቨሩ ያንቺ፤ ካልደረሰ የሱ።»

ፈቃድ መስጫውን ገጽ ከፈትኩ። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፦ ማየት፣ መገጣጠም፣ መላክ፣ ማስተዳደር። ለሰው ሁሉ በየስሙ አካውንት አወጣሁ። ለወንድም ጋሼ ሁሉንም ሰጠሁት፤ አለቃ ያኮርፋል። ለዶክተሬ ምንም፤ መጥቶ ይለምነኝ።

«ለእኔ ማየት ብቻ?» አለች ሒሳብ ሠራተኛዋ።

«እህቴ፣ ለሰው የሚሰጠው ለሥራው የሚበቃው ብቻ ነው። ሕጉ ነው» አልኳት፣ ቢሮው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

በመጨረሻ ያንን የተረገመ «ሁሉም» ሰረዝኩት።

ገጹ ነጭ ሆነ። «ይህን ለማድረግ ፈቃድ የለዎትም።»

ለካ እኔም የገባሁት በ«ሁሉም» ነው። ለራሴ አካውንት ማውጣት ረስቻለሁ።

«ምነው አላበሽ?» አለ ዶክተሬ።

«ሙቀቱ ነው።» መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ወንድም ጋሼ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ወንድም ጋሼ፣ የኔ ጌታ...»

«ጌታ? ምን ሰበርሽ?»

ነገርኩት። ይቆጣል ስል ጭራሽ ደስ አለው። መነጽሩን አደረገና ስሜን በአንድ ጣቱ ፊደል እየፈለገ ጻፈ። ማየት፣ ምልክት። መገጣጠም፣ ምልክት። መላክ፣ ምልክት። ከዚያ እጁን ሰበሰበ።

«ማስተዳደርስ?»

«ለሥራው የሚበቃው ብቻ። ሕጉ ነው አላልሽም?»

«አንተ ደግሞ ምኑን ልታስተዳድር ነው?»

«አንቺን።»

ሮጬ ወጥቼ ፕሮግራሙን ላክሁት። ከምሳ በፊት ፋርማሲዎቹ «ደርሶናል» አሉ። ሰርቨሩ የኔ ሆነ፤ አንዲት ሳጥን ለመንካት ግን ወንድም ጋሼን «እባክህ» ማለት አለብኝ፤ እሱም ሁለቴ ያስብለኛል።

ዛሬ ዶክተሬ መጥቶ ማየት እንኳን እንዲፈቀድለት ለመነኝ።

«ለአለቃ አቀርብልሃለሁ» አልኩት።

እስካሁን አላቀረብኩለትም።