ቀስ ብሎ የሚነሣ ድምፅ

የድምፁን አነሣሥ የሚያዘገየው ቁልፍ አሥር ሰከንድ ላይ ሲደርስ ተገትሮ ቀረ። ሙሉቀን በማውሱ ደጋግሞ ወደ ላይ ጎተተው፤ ሲንተሳይዘሩ፣ ድምፅ የሚያመርተው የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም፣ ግን ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አልልም አለ።

"አሁንም ቸኮለ" አለች እህቱ ሕይወት፣ ከኋላው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ። "ከየት እንደመጣ መታወቅ የለበትም። ሰው ሳያውቀው ቤቱን ሞልቶት መገኘት አለበት። ሦስት ደቂቃ ይፍጅ።"

"እታለም፣ የሠራው ሰው እኮ ሦስት ደቂቃ የሚታገሥ አድማጭ አለ ብሎ አላሰበም።"

"እኛ አለን።"

ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ባለችው፣ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን በተለበጠው ስቱዲዮው ሙሉቀን ስድስት ዓመት የሠርግ ሙዚቃ ሲያቀናብር ኖሯል። ሙሽሮች የሚፈልጉት ገና ከመነሻው አስነሥቶ የሚያስጨፍር ነገር ነው። ቀስ ብሎ የሚነሣ ድምፅ የጠየቀው ሰው አጋጥሞት አያውቅም።

ሕይወት ከጅዳ ከገባች ገና አራተኛ ቀኗ ነው። ነገ ጋፋት አጠገብ ወዳለው የእናታቸው ቤት አብረው ይሄዳሉ፤ በሳምንቱ የእናታቸው የአሰለፈች ሙት ዓመት ነው። ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት የእናቷ የመጨረሻ የድምፅ መልእክት እንዲሰማ፣ ከሥሩም በገና የመሰለ ድምፅ እያደገ እንዲሄድ ፈልጋለች። መልእክቱን ዓመት ሙሉ ስታዳምጠው ከርማ በቃሏ ይዛዋለች፦ "ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ። አታስቢ። ሥራሽን ሥሪ። እግዜር ይጠብቅሽ።"

እናቱ እነዚህን ቃላት ተናግራቸዋለች፤ ውሸት የለበትም። በአንድ ቀን ግን አልተናገረቻቸውም።

አምና ኅዳር ላይ አሰለፈች ገብስ ስትሸከሽክ ወደቀች። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቷም ተያዘ። አጎታቸው አስናቀ ቤተሰቡን ሰብስቦ፣ ሰው አገር ያለች ልጅ ክፉ ወሬ በስልክ አትሰማም ብሎ ቆረጠ፤ ጎረቤቱንም አፉን እንዲይዝ ተማጸነ። ጥር ላይ የሕይወት ድምፅ መጣ፦ "እማ፣ ውሌ አልቋል። ልምጣ ወይስ አንድ ዓመት ልጨምር?" ሙሉቀን በስልኩ ከቀሩት የእናቱ የቆዩ መልእክቶች ከአንዱ ሁለት ቃል፣ ከሌላው ሦስት ቃል እየቆረጠ መልስ ገጣጠመ። ያን ቀን በእጁ ሥራ ኮርቶ ነበር፤ ዛሬም ይህን ሲያስብ ፊቱን ያቃጥለዋል። ሕይወት አንድ ዓመት ጨመረች። በወሩ አሰለፈች ሞተች። ጅዳ ያሉ የአገሯ ልጆች ጎህ ሲቀድ አረዷት፤ ድንገት ነው፣ አልተሠቃየችም አሏት።

ሙሉቀን ቁልፉን ተወው። ሲንተሳይዘሩ ድምፅን እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ሌላ መሣሪያ አለው፤ ዘፈን ላይ በሰከንድ አራት አምስት ጊዜ ነው የሚያርገበግበው። እሱ ግን አንዷን ማዕበል ብቻ ለስድስት ደቂቃ ዘረጋት፤ ሦስት ደቂቃ መውጫ፣ ሦስት ደቂቃ መውረጃ። የእናቱን ድምፅ መጀመሪያው ደቂቃ ላይ አስቀምጦ ለቀቀው።

የበገናው ድምፅ እንደታዘዘው አልቸኮለም። አሰለፈች ስትናገር ከሥሯ ያለው ገና ዝምታ ነበር ማለት ይቻላል፤ ምንም የሚሸፍናት ነገር አልነበረም።

"እስኪ መልሰው" አለች ሕይወት።

መለሰው።

"ዶሮው ምን ሆነ?"

"የቱ ዶሮ?"

"'ደህና ነኝ' ስትል መጮህ ጀምሯል። 'አታስቢ' ስትል የለም። ዶሮ ጀምሮ መሀል ላይ ይተዋል እንዴ? ስልኬ ላይ ዓመት ሙሉ ሳደምጠው አልሰማሁትም።"

መሸፈን ቀላል ነበር። ማዕበሉን ወደ ሃያ ሰከንድ ቢያሳጥረው ድምፁ ቀድሞ ይነሣና ዶሮውን ይውጠዋል። ኔትወርክ ነው ቢላትም ታምነዋለች፤ እሷ ሁልጊዜ ታምነዋለች። እጁ ማውሱ ላይ እንዳለ ይኸው ማመኗ ነው አላንቀሳቅስ ያለው።

"ዶሮው የሌላ ቀን ነው፣ እታለም።"

"ምን ማለት ነው?"

"እኔ ነኝ የገጣጠምኩት። እማ ያኔ መናገር አትችልም ነበር። ከኅዳር ጀምሮ አንደበቷ ተይዞ ነበር።"

ሕይወት ስክሪኑን አየች። የእናቷ ድምፅ እዚያ ላይ አራት ትንንሽ አረንጓዴ ጉብታ ሆኖ ተደርድሯል።

"ልምጣ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር" አለች።

"አዎ። ሰምቼዋለሁ።"

"እሷስ ሰምታዋለች?"

ሙሉቀን ይህን ጥያቄ ሲፈራው ነበር የኖረው።

"አሰምቻታለሁ። በደህናው እጇ ስልኩን ጨብጣ አልለቅም አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ገብቶኝ ነው ያደረግሁት።"

አልጮኸችበትም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። ውጭ የባሕር ዳር መኪና ረዳት ተሳፋሪ ይጣራል።

"አጎቴ ያውቃል? ጎረቤቱም?"

"ሁሉም ያውቃል።"

"እኔ ብቻ ቀረሁ።" ነጠላዋን ሰብሰብ ስታደርግ ልትሄድ ነው ብሎ አሰበ፤ እሷ ግን እዚያው ቆየች። "ከዚያ ወዲህ የሷ የሆነ ሌላ ነገር አለህ?"

"ምናልባት ትናገር ይሆናል ብዬ አልጋዋ አጠገብ የቀዳሁት አለ። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ቃል የለበትም፣ ትንፋሽ ብቻ። መልሼ ሰምቼው አላውቅም።"

"ክፈተው።"

ሲንተሳይዘሩን ሲዘጋው ኮምፒዩተሩ ሥራው ይቀመጥ እንደሆነ ጠየቀው። አይቀመጥ አለ። ከዚያ ቅጂውን ከፈተ።

ትንፋሽ ነበር። ሳል ነበር። የአልጋው ጠፍር ሲንቋቋ፣ ከበረት ጥጃ ሲጮህ ይሰማል። ሕይወት ወንበሯን ጎትታ አጠገቡ ሆነች። አራተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ዶሮ ጮኸ፤ እስከ መጨረሻው ጮኸና ጨረሰ። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው።

ሲያልቅ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

"ሙት ዓመቷ ላይ የሚሰማው ይሄ ነው" አለች።

"አጎታችን ይቀየማል። ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ..."

"ከኔ ደብቀው ሲሰሟት ከርመዋል። አሁን ከኔ ጋር ይስሟት።"

ሙሉቀን ያን የገጣጠመውን መልእክት ፋይል ሰረዘው። አሥራ አንዱን ደቂቃ ደግሞ ከነሳሉ፣ ከነዝምታው፣ አንዲት ሰከንድ ሳይቆርጥ ወደ አንድ ፍላሽ ገለበጠውና በእጇ ሰጣት።