ኳስ የማያይ አማች

ባሌን ለመጀመሪያ ጊዜ እናትና አባቴ ቤት ያመጣሁት፣ ብሔራዊ ቡድናችን ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ የመጨረሻውን ግጥሚያ በሚያደርግበት ቅዳሜ ነበር። ቀኑን አስቤበት አልነበረም፤ እረፍት ያገኘሁት ያኔ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፣ የምሠራውም በባሌ አገር ነው። እሱ ሊፍት ይጠግናል። ቋንቋችንን ከእኔ ተምሯል፤ «አንተ» እና «አንቱ» ግን ዛሬም ይምታታበታል።

አባቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ፍሬን» ይለዋል። ሬዲዮ እያዳመጠ ሲነዳ ጎል በገባ ቁጥር ፍሬን ስለሚረግጥ፣ የቆመው ተሳፋሪ ሁሉ አንዱ በአንዱ ላይ ይነባበር ነበር። የሚቆጣ አልነበረም። «ማን አገባ?» ብቻ ነበር የሚሉት።

የዚያን ቀን ሳሎናችን ውስጥ ጎረቤቱን ጨምሮ አሥራ አራት ሰው ተጠጋግቶ ነበር። አማች ክቡር ነውና ባሌን ከአባቴ ጎን አስቀመጡት።

«ስንት ለስንት ነው?» አለ ባሌ ከሩብ ሰዓት በኋላ።

«ዜሮ ለዜሮ።»

ከእረፍት በኋላም ጠየቀ። አሁንም ዜሮ ለዜሮ።

«እንዲሁ ሊያልቅም ይችላል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሕዝብ ምን ሊያይ ነው የመጣው?»

ወንድሜ ጭንቅላቱን ያዘ። አባቴ ግን ከልቡ ግራ ገብቶት፣ «ልጄ፣ ያንተ አገር ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ሲሠራ ይውላል?» አለው።

«እኛ ጋ የዓመቱ ግማሽ በረዶ ነው። ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሲጠጥር ላዩ ላይ በዱላ እንጫወታለን። አያቴ አባቴን እዚያ ወሰደው፤ አባቴ ደግሞ እኔን። ወደ ኳስ ግን እጄን ይዞ የወሰደኝ የለም።»

«ማንም?»

«ማንም።»

ወላጅ የሌለው ልጅ የሆነ ይመስል የአባቴን አንጀት በላው። አባቴም ትከሻውን መታ መታ አደረገለት።

ጭማሪው ሰዓትም ያለ ጎል አለቀና መለያ ምት መጣ። ሁላችንም ብድግ አልን። ሦስተኛውን የእኛ ተጫዋች ሊመታ ኳሷን ሲያስተካክል ባሌ ከኋላዬ ጠራኝ። አልዞርኩም። ደግሞ ጠራኝ።

«ቆይ እንጂ!» አልኩት።

«አባትሽ ላብ በላብ ሆኗል! እዪው!» ብሎ ጮኸ።

ዞርኩ። የአባቴ ፊት አመድ መስሏል። በቀኝ እጁ ደረቱን ጨብጧል፣ ዓይኑ ግን ከቴሌቪዥኑ አልተነቀለም። ነርስ ነኝ፤ የቆምኩትም ከእሱ አንድ ክንድ ርቄ ነበር።

«ዝም በይ፣ ትንሽ ነው የቀረው» አለኝ።

«ተነስ!» አለው ባሌ፣ አንቱታው ጠፍቶበት፤ መልስም ሳይጠብቅ ደግፎ አነሳው። አስፕሪን አስቆረጠምኩት። ወንድሜ የመኪናው ቁልፍ ሁለቴ ሲወድቅበት ለባሌ ሰጠው። ያን ቀን ገና ባያት ከተማ ውስጥ፣ እኔ ከኋላ ወንበር «ቀኝ፣ ግራ» እያልኩት ነዳ። መንገዱ ጭር ብሏል። መሃል ላይ ከየቤቱ አንድ ትልቅ ጩኸት ተነሳ።

«ገባ ወይስ ሳተ?» አለ አባቴ፣ ጭኔ ላይ እንደተንጋለለ።

«እኔ እንጃ አባዬ። አትናገር።»

ሆስፒታሉ ስንደርስ ጥበቃውም፣ አስታማሚዎቹም፣ ተረኛዋ ነርስም ከእንግዳ መቀበያው ቴሌቪዥን ፊት ናቸው። ባሌ ሄዶ ስክሪኑን በሰውነቱ ጋርዶ ቆመ። «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል!» ብለው ጮሁበት። እሱ በጣቱ ወደ አባቴ አመለከተ። ነርሷ ወዲያው ተንደርድራ አልጋ አመጣች።

ሲመሽ የተዘጋው የልቡ ደም ስር ተከፍቶ ነበር። ሐኪሙ፣ ግማሽ ሰዓት ብንዘገይ ኖሮ አይተርፍም ነበር አለን።

ግጥሚያውን ተሸንፈናል። ከአባቴ ሦስት ቀን ደብቀነው በአራተኛው ወንድሜ ነገረው። መትረፉ ሲነገረው ያላለቀሰ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ።

«ሐኪሙ መጥፎ ነገር ነገረው እንዴ?» አለኝ ባሌ በሹክሹክታ።

«የለም። ተሸንፈን ነው።»

ትንሽ አሰበና ፎጣ አምጥቶ አቀበለው፤ አጠገቡም ተቀመጠ። አባቴ ፊቱን ጠርጎ ሲያበቃ፣ «ያ ሁሉ ሰው እያለ አንተ እንዴት አየኸኝ?» ሲል ጠየቀው።

«ኳሱ ስላልገባኝ እናንተን ነበር የማየው። ከኳሱ እናንተ ትሻላላችሁ።»

አባቴ ሲስቅ ደረቱ ላይ የተገጠመለት መሣሪያ መጮህ ጀመረ፤ ነርሷም መጥታ ሦስታችንንም ተቆጣች።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ባሌ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ፣ ሁለቴ ተጠርቼ እንዳልዞርኩ ለአባቴ ነገርኩት።

«በስንተኛው ምት ላይ?» አለኝ።

«በሦስተኛው።»

«እሱ ላይማ እኔም አልዞርም ነበር» አለና እጄን ያዘኝ።