ሁለተኛ አንባቢ

እውነቱን ልናገርና የመጣው ይምጣ፤ በታናሽ እህቴ እቀናለሁ። ለወጉ ያህል አይደለም፣ አንጀቴ ቅጥል እስኪል ነው የምቀናው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባል የለ? እኔ አንዲት ነገር ከመናገሬ በፊት ሦስቴ አገላብጣለሁ፤ እሷ ተናግራ ስትጨርስ ነው የምታስበው። እና ሰው ሁሉ የሚወደው እሷን ነው።

ሁለታችንም በአንድ ኮሌጅ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን እናስተምራለን። ማስተማር ከጀመርን እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ እሷ ሦስት። በዚህ ትምህርት አንድ ነገር በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ ይነገርሃል፤ አንተ ነገሩን ራሱን ፈልገህ ታመጣለህ። ቀጥተኛዎቹ እኩልታዎች ገራም ናቸው፣ የታወቀ መንገድ አላቸው። ቀጥተኛ ያልሆኑት ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አመል አላቸው፤ አንዱ ኤክሱን ወዲያ፣ ዋዩን ወዲህ ሲለዩለት እሺ ይላል፣ ሌላው ዋዩን በሌላ ፊደል ካልተኩለት ንቅንቅ አይልም።

ተማሪዎች ለእኔ «ማረጋገጫ» የሚል ስም አውጥተውልኛል፤ በየመስመሩ «አረጋገጣችሁ?» ስለምል ነው። እሷን «ቀላሏ» ይሏታል፤ ክፍል ስትገባ «ይሄ እኮ ቀላል ነው» ብላ ነው የምትጀምረው። የእኔ ክፍል የኋላ ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ የእሷ ክፍል ውስጥ መስኮት ላይ የሚቀመጡ አሉ። የሚለየን አንድ ግድግዳ ስለሆነ ሳቃቸው ይሰማኛል። ደሞ በሒሳብ ምን ያስቃል እላለሁ፣ ጠመኔ እየሰበርኩ።

ቤትም ያው ነው። ከእናታችን ጋር ነው የምንኖረው። እማዬ ስለ እኩልታ የምታውቀው ነገር የለም፤ ጎረቤት ሲመጣ ግን «ትንሿ ልጄ ሒሳቡን እንደ ውኃ ነው የምትጠጣው» ትላለች። «ትልቋስ?» ሲሏት «እሷማ ታታሪ ናት» ትላለች። ታታሪ! ያቺን ቃል የሰማሁ ቀን ምግብ አይወርድልኝም። ያቺን ልጅ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፍኩ መደመር ያስተማርኳት እኔ መሆኔን የሚያስታውስ የለም።

ዘንድሮ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ከሁለታችን አንዷን የኮርሱ አስተባባሪ ሊያደርግ ነበር። «ከማጠቃለያው ፈተና በኋላ እወስናለሁ» አለን። ያንን ቦታ አሥራ አራት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ለእሷ ከተሰጠ በዚያ ኮሪደር ላይ ቀና ብዬ የምሄድ አይመስለኝም ነበር።

የሁለታችንንም ክፍል የማጠቃለያ ፈተና ያወጣችው እሷ ናት። በእኛ ደንብ የፈተና መልስ ሁለተኛ አንባቢ አይቶ ካልፈረመበት አይታተምም፤ ሁለተኛዋ አንባቢ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ወረቀቱን እየሮጠች ክፍሌ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችና «እትዬ፣ እስቲ በሞቴ እይልኝ፣ ቸኩዬ ነው የሠራሁት» ብላኝ ወደ ክፍሏ ሄደች።

አራተኛው ጥያቄ ላይ ዓይኔ ቆመ። የዋይ የለውጥ ፍጥነት ከዋይ ስኩዌር ጋር እኩል ነው፤ ኤክስ ዜሮ ሲሆን ዋይም ዜሮ ነው፤ ዋይን ፈልጉ ይላል። እሷ ሁለቱንም ወገን ለዋይ ስኩዌር አካፍላ፣ ኢንተግሬት አድርጋ፣ አንድ ቀመር አወጣች። ቀመሩ ምን ቢያደርጉት ዜሮ አይሰጥም። ስለዚህ «መፍትሔ የለውም» ብላ ደመደመች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ዋይ ራሱ ዜሮ ሊሆን በሚችልበት ቦታ ለዋይ ማካፈል ከየት መጣ? ከማካፈል በፊት ዜሮን ለብቻ ማየት ነው። ሁልጊዜ ዜሮ ሆኖ የሚኖር ዋይ አይለወጥም፣ ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ ስኩዌሩም ዜሮ ነው፤ እኩልታው ተሟላ። መልሱ እሱ ነበር፣ እሷ ግን ስታካፍል ጣለችው።

ምን እዋሻለሁ፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ቢሆንም ስህተቱን ልከብበው እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። ወዲያው በግድግዳው በኩል የተማሪዎቿ ሳቅ መጣ። ይውጣ፣ ኃላፊውም ይየው፣ እማዬም ትስማ አልኩና ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። ወረቀት የሚያርሙት ረዳት መምህራኑ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ከተፈረመው መልስ ዝንፍ አይሉም። «ዜሮ» ብሎ የጻፈ ሁሉ ነጥብ ተነፈገ። «ዜሮ» ብለው የጻፉት እነማን ናቸው? «አረጋገጣችሁ?» ስላቸው የከረምኩት የእኔ ተማሪዎች።

ውጤት በተለጠፈ ማግስት አንዲት ነርስ ተማሪዬ መጣች። ሆስፒታል ውላ ነው የምትማረው። ወረቀቷን ዘረጋችልኝ፤ አራተኛው ላይ «ከማካፈላችን በፊት ዜሮን እንይ» ብላ በንጹሕ ጽሕፈት ጀምራለች፤ ላዩ ላይ ቀይ ኤክስ አለ። አራት ነጥብ ጎድሏት ወድቃለች፣ ጥያቄው የያዘው ስምንት ነው።

«እርስዎ እንዳሉን ነው የሠራሁት» አለችኝ። «ከተሳሳትኩ ይንገሩኝና ልቀበል። ሦስተኛ ጊዜዬ ስለሆነ ካሁን በኋላ ያሰናብቱኛል።»

«አልተሳሳትሽም» አልኳት።

«ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን መልስ አየሁት እኮ። ፊርማው የእርስዎ መሰለኝ።»

«የእኔ ነው። ነገ ይስተካከላል፣ አይዞሽ» አልኳት፤ የምገባበት ጠፍቶኝ።

«ድሮም ነገሩ እርስዎን አልመሰለኝም» ብላ፣ ለእኔ አዝና፣ ወረቀቷን ትታልኝ ሄደች።

ወደ እህቴ ቢሮ ሄድኩ። እንዲህ አፍሬም ግማሽ ልቤ ጉዷን ሊነግራት ይጣደፍ ነበር።

«አራተኛው ጥያቄ መልስ አለው» አልኳት ገና ከበሩ።

ቀና አለች። «ዜሮ ነው አይደል?»

«ታውቂ ኖሯል?»

«ወረቀቱን በሰጠሁሽ ቀን አምሽቼ አውቶቡስ ላይ ስወጣ ትዝ አለኝ። ቤት ስደርስ ተኝተሽ ነበር፤ ላርመው በማግስቱ ስመጣ ፈርመሽበት አገኘሁት። እትዬ ካየችው የተሳሳትኩት አሁን ነው ብዬ ተውኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ለምን መፍትሔ እንደሌለው ለራሴ ላስረዳ ብል አልሆነልኝም። ብቻ አንቺ አይተሽዋል አልኩ።» ፈገግ አለች። «ደክሞሽ ነበር መሰለኝ፣ እትዬ። እኔ ነኝ ያዋከብኩሽ። አላየሽውም ነበር፣ አይደል?»

«አላየሁትም» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል። ግን ይህች ልጅ ከገዛ ጭንቅላቷ ይልቅ የእኔን ፊርማ ታምን ኖሯል፤ ይህን ሰምቼ መዋሸት አቃተኝ።

«አይቼዋለሁ» አልኳት። «አይቼ ነው የፈረምኩት።»

«ለምን?»

«ስለምቀናብሽ።»

ብትጮህብኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን መሳቢያውን ከፍታ የፈተና ወረቀቶቹን አወጣችና ግማሹን ወደ እኔ ገፋችው። «መጀመሪያ ተማሪዎቹ» አለች። ሠላሳ አንድ ወረቀት አረምን። ነርሷ አለፈች።

ለኃላፊው ሁሉንም ጽፌ ሰጠሁት። አስተባባሪነቱን ለእሷ ሰጣት፤ ምን ያድርግ ታዲያ። እማዬ «እኔ መች አጣሁት» አለች፣ ምንም ሳታውቅ። እህቴ እስከ ዛሬ አልነገረቻትም። ቤት ውስጥ እንደ ወትሯችን እናወራለን፣ እሷ ሳህን ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ።

በአዲሱ ሴሚስተር ፈተናዋን እንዲያነብላት የስታቲስቲክሱን መምህር መረጠች። ትናንት በሩ ክፍት ነበርና ሳልፍ አየኋቸው። ወረቀቷን ዘርግቶ መስመር በመስመር በጣቱ ይከተላል፤ እሷ አጠገቡ ቆማ፣ ምን ይለኝ ይሆን ብላ ፊት ፊቱን ታያለች። በእህቴ መቅናት ትቻለሁ። አሁን የምቀናው በእሱ ነው።